ቴሌቪዥናችን ያሳየን ፊት

(በማኅበራችን የሩብ ዓመት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከትምህርት ንዑስ ኮሚቴ የቀረበ ንግግር)



ለዛሬ የተያዘልን ርእስ የቤት ውስጥ ቁጠባ ነበር። እሱን ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት አቆይተን ስለ ቴሌቪዥን እንድንናገር ሊቀመንበራችን ፈቅደውልናል። የምንናገረው ስለ ድራማው ወይም ስለ ዜናው አይደለም፤ ስለ ምስሉ ነው። ቴሌቪዥናችን የሰውን ፊት እንዴት አድርጎ እንደሚያሳየን፣ ለምን እንደዚያ እንደሚያሳየን፣ እኛም ሪሞቱን ይዘን ምን ማድረግ እንደምንችል እንነግራችኋለን። አንዳንዶቻችሁ «ለዚህ ደግሞ ስብሰባ!» ሳትሉ አትቀሩም። እኛም ከዚያች ቀን በፊት ቢሆን እንደዚያው እንል ነበር።

ያቺን ቀን ብዙዎቻችሁ ታስታውሷታላችሁ። መዋጮ ተሰብስቦ፣ በዚሁ አዳራሽ ቡና ተፈልቶ ሳለ፣ አንዲት እናታችን ልጇ ከአረብ አገር የላከችላትን ፎቶዎች ለጎረቤት ልጅ ሰጥታ በፍላሽ አስጭና መጣች። ፍላሹን ሪሲቨሩ ላይ ሰክተን ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየናቸው። ልጅቱ ጉንጯ ሞልቶ፣ ትከሻዋ ሰፍቶ፣ ፊቷ ደም መስሎ ታየችን። «ወፈረች እኮ!» አልን። «ወዝ ወጥቷታል፣ ተመችቷታል» አልን። እልል ያልነውም እኛው ነን። እናትየዋ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች፣ «ተመስገን፤ እኔማ በስልክ ድምጿ ሲደክምብኝ ታማ ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ነበር» አለች።

ከሁለት ወር በኋላ ልጅቱ መጣች። ቦሌ ሄደው ከተቀበሏት መካከል ከኮሚቴያችን ሁለት ነበርን። እናትየዋ ልጇን አላወቀቻትም፤ አጠገቧ ቆማ ከኋላ የሚመጡትን መንገደኞች ታይ ነበር። «እማዬ» ስትላት ነው ዞር ያለችው። ልጅቱ ከስታ፣ አጥንቷ ወጥቶ ነበር። ለካ ወራት ሙሉ ታማ ኖራለች፤ እናቷ እንዳትጨነቅ ብላ አልተናገረችም። ዛሬ ተመስገን፣ ታክማ ድናለች። ታሪኩን እዚህ እንድናነሳው እናትም ልጅም ፈቅደውልናል።

ኋላ ያንኑ ፎቶ ልጅቱ ስልክ ላይ አየነው። ያኔም ከስታ ነበር። ፎቶው ምንም አልዋሸም። ፊቷን የለጠጠውና ያቀላው ይህ ግድግዳ ላይ የሰቀልነው ቴሌቪዥን ነው። በመዋጯችን የገዛነው፣ የሰቀለልን ልጅ «አለቀ» ብሎ ከሄደ ጀምሮ ማንም ማስተካከያውን ያልነካው ቴሌቪዥን። እኛም ሦስት ዓመት ሙሉ ስናየው «ይህ ነገር ልክ ነው ወይ?» ብለን አልጠየቅንም። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር ይባላል፤ እኛ ግን ገንፎውን ዝም ብለን ስንበላ ኖርን።

ከዚያ በኋላ ከአንድ የቴሌቪዥን ጠጋኝ ወንድማችን ጋር ሁለት ከሰዓት ተቀምጠን ነገሩን ለማወቅ ሞከርን። የተማርነውን እንደሚከተለው እናካፍላችኋለን።

በመጀመሪያ ስለ ምስሉ ቅርጽ። በአገራችን ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ያኔም፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን ስክሪኑ ወደ አራት ማዕዘን ያደላ ነበር፤ ወርዱ 4 ቢሆን ቁመቱ 3 ነው። የዛሬው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ግን ወደ ጎን የሰፋ ነው፤ ወርዱ 16 ሲሆን ቁመቱ 9 ነው። የድሮ ፕሮግራም፣ የድሮ የሠርግ ካሴት፣ በስልክ የሚነሳ አብዛኛው ፎቶም ዛሬም 4 በ3 ነው። ይህን ጠባብ ምስል ሰፊው ስክሪን ላይ ካለ ቦታው ብትለጥጡት ወርዱ በሲሶ ይጨምራል፣ ቁመቱ ግን እንዳለ ይቀራል። 10 ሳንቲ ሜትር የነበረ ፊት ከ13 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሆናል ማለት ነው። ያቺ ልጅ የወፈረችው በዚህ ነው።

ይህ ማስተካከያ ሁለት ቦታ ይገኛል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አንዱ በቴሌቪዥኑ ሪሞት፣ ሌላው በሪሲቨሩ ሪሞት ነው። አንዱን ብቻ ብታስተካክሉ ሌላው ያበላሸዋል። በቴሌቪዥኑ በኩል «አስፔክት ሬሾ» ወይም «ፒክቸር ሳይዝ» የሚለውን ፈልጋችሁ «16:9»፣ «አውቶ» ወይም «ኦሪጅናል» ላይ አድርጉት። በሪሲቨሩ በኩል ስክሪኑን «16:9» ካላችሁት በኋላ «ፉል» የሚለውን ትታችሁ «ፒላርቦክስ» ወይም «አውቶ» የሚለውን ምረጡ። ያኔ 4 በ3 የሆነው ምስል መሀል ላይ ሆኖ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል። «ገንዘብ ከፍለንበት ስክሪኑ ለምን ጾሙን ያድራል?» ያለችን አባል አለች። ጥቁሩ ቦታ ምንም አልጎደለበትም፤ ምስሉ ተፈጥሮው ያን ያህል ነው። «ዙም» ብላችሁ ብትሞሉት ደግሞ ከላይና ከታች ከምስሉ ሩቡን ትቆርጣላችሁ። ከላይ የሰውየው ግንባር፣ ከታች የተጻፈው ስሙ ይሄዳል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ፊት ለፊት የተነሳ ክብ ነገር ፈልጉ፤ የግድግዳ ሰዓት ወይም ከላይ የተነሳ እንጀራ። እንጀራው እንቁላል ከመሰለ ቴሌቪዥኑ ልክ አይደለም።

ሁለተኛው ስለ ቀለሙ ነው። ቴሌቪዥን መሸጫ ሱቅ የገባችሁ ታውቃላችሁ። መብራቱ ይጮሃል፣ ሃያ ቴሌቪዥን ጎን ለጎን ይበራል፣ ዓይናችን የሚያርፈውም በጣም በሚያበራው ላይ ነው። አምራቾቹ ይህን ስለሚያውቁ ገበያ የሚያወጣውን አደማመቅ አስቀድመው ያዘጋጁለታል፤ «ቪቪድ» ወይም «ዳይናሚክ» ይሉታል። ቤታችን ሲመጣ ግን ያ ሁሉ መብራት የለም። ቀይ ወጡ ደም ይመስላል፣ ሣሩ በቀለም የተቀባ ይመስላል፣ ነጠላው ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። አዲስ ቴሌቪዥን መጀመሪያ ሲከፈት «ሆም» ነው ወይስ «ስቶር» ብሎ የሚጠይቅም አለ። ገጣሚው በችኮላ «ስቶር»ን ከነካው አንዳንዱ ቴሌቪዥን እናንተ ያስተካከላችሁትን ሁሉ እየሰረዘ ራሱን ወደ ሱቁ ድምቀት ይመልሳል። «ባስተካክለውም ይመለስብኛል» ያላችሁን ሰዎች፣ ነገሩ ይህ ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ ወደ «ሆም» ቀይሩት።

ከዚያ «ፒክቸር ሞድ» የሚለውን ከፍታችሁ «ሲኒማ»፣ «ሙቪ» ወይም «ፊልምሜከር» የሚለውን ምረጡ። እነዚህ ከሌሉ «ስታንዳርድ» ይሻላል። «ከለር ቴምፕሬቸር» የሚባለውን ደግሞ «ዋርም» ላይ አድርጉት። ፊልምና ፕሮግራም የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ነጭን የሚለኩበት ደረጃ አላቸው፤ 6500 ኬልቪን ይባላል፤ በብዙ ቴሌቪዥን ላይ ለእሱ የሚቀርበው «ዋርም» ነው። አስቀድመን እንንገራችሁ፣ መጀመሪያ ስታዩት ቢጫ ይመስላችኋል፤ ደብዝዟልም ትላላችሁ። እኛም ብለናል። ሦስት ቀን ታገሡት። ዓይን ልማዱን ሲተው፣ በአራተኛው ቀን ወደ ድሮው ብትመልሱት የድሮው ነው ሰማያዊ ሆኖ የሚታያችሁ።

ሦስተኛው ስለ ጥቁሩና ስለ ነጩ ነው። እዚህ ላይ ስሙ ያሳስታል። «ብራይትነስ» የሚለው በብዙ ቴሌቪዥን ላይ የክፍሉን መብራት እንደመጨመር አይደለም፤ የጥቁሩን ልክ የሚወስን ነው። ጠቅላላ መብራቱን የሚጨምረውና የሚቀንሰው «ባክላይት» የሚባለው ነው። «ኮንትራስት» ደግሞ በነጩ በኩል ይሠራል። እኛ የተጠቀምንበትን መፈተኛ ንገሯቸው ተብለናል። ሹሩባ የተሠራች ሴት በስክሪኑ ላይ ፈልጉ። የሹሩባው መስመር ጠፍቶ ጠጉሯ አንድ ጥቁር ጨርቅ ከመሰለ «ብራይትነሱ» አንሷል። ጥቁሩ ጢስ የነካው ግራጫ ከሆነ በዝቷል። ቀጥሎ ነጠላ የለበሰች ሴት ፈልጉ። የነጠላዋ እጥፋት ጠፍቶ አንድ ነጭ ወረቀት ከመሰለ «ኮንትራስቱ» በዝቷል፤ እጥፋቱ እስኪታይ ቀንሱት። ከዚያ «ከለር» የሚለውን ፊት ፊት እስኪመስል ድረስ ዝቅ አድርጉ።

ፊት ስንል የማንን ፊት ነው? በዚህ ነገር ረጅም ታሪክ አለ። ፎቶ በፊልም በሚታጠብበት ዘመን ኮዳክ የተባለው ኩባንያ ለፎቶ ማጠቢያዎች የቀለም መለኪያ ካርድ ያቀርብ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት፤ ከመጀመሪያዋ ሞዴል ስም ተነስቶ «ሸርሊ ካርድ» ተባለ። የእሷ ቆዳ ካማረ ቀለሙ ልክ ነው ይባል ነበር። የተለያየ መልክ ያላቸው ሴቶች አብረው ያሉበት ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን መካከል የእኛ ዓይነት ፊት መለኪያ አልነበረም። ስለዚህ ቴሌቪዥናችሁን ስታስተካክሉ በምታውቁት ፊት ለኩት። የራሳችሁን ልጅ ፎቶ በፍላሽ አድርጋችሁ፣ ልጁን አጠገቡ አቁማችሁ ተመልከቱ። ጠይሙ ጠይም፣ ቀይ ዳማው ቀይ ዳማ ሆኖ መታየት አለበት።

አራተኛው የተቆረጠ ጠርዝ ነው። በድሮው የመስታወት ቱቦ ቴሌቪዥን የምስሉ ዳር ዳር እኩል አይወጣም ነበር። እሱን ለመደበቅ ምስሉን ከስክሪኑ ትንሽ አስበልጠው ይሠሩት ነበር። የዛሬው ጠፍጣፋ ስክሪን ያ ችግር የለበትም፤ ነገር ግን ልማዱ ቀርቶ ብዙው አሁንም ዳር ዳሩን ይቆርጣል። ከታች የሚሮጠው ጽሑፍና ስልክ ቁጥር በግማሽ የሚታየው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። «ስክሪን ፊት»፣ «ጀስት ስካን» ወይም «ኦቨርስካን» የሚል ካገኛችሁ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ክፈቱ፣ «ኦቨርስካን» የሚለውን ግን ዝጉ።

ሁለት ነገር በአጭሩ እንጨምር። «ሻርፕነስ» ሲበዛ ምስሉ የጠራ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ቴሌቪዥኑ በእያንዳንዱ ነገር ዙሪያ ነጭ መስመር እየጨመረ ነው። የሰው ፊት ላይ የሌለ መጨማደድ ያወጣል። በፊደል ዙሪያ ነጭ ጥላ እስኪጠፋ ቀንሱት። ሁለተኛው፣ ፊልም በአብዛኛው በሰከንድ 24 ምስል ነው የሚቀረጸው፤ ብዙ አዲስ ቴሌቪዥን በመካከሉ ራሱ የፈጠረውን ምስል እየጨመረ እንቅስቃሴውን ያለሰልሰዋል። በዚህም ትልቅ ፊልም በቤት ካሜራ የተቀረጸ ይመስላል። ቶም ክሩዝ የተባለው ተዋናይ በ2018 እ.ኤ.አ. ከዳይሬክተር ክሪስቶፈር ማኳሪ ጋር ሆኖ ተመልካች ይህን እንዲያጠፋ በቪዲዮ ለምኗል። ስሙ በየአምራቹ ይለያያል፤ «ሞሽን» የሚል ቃል ያለበትን ፈልጉ። ለእግር ኳስ የሚወዱት አሉ፤ ለእነሱ ይቅርላቸው።

አሁን ከቤታችን እንውጣ። ባንክ ቤት፣ ቁርስ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ውስጥ፣ የትም ቴሌቪዥን አለ፤ አብዛኛውም እንደተሰቀለ ነው። ሪሞቱ ጠፍቷል፣ ወይም በላስቲክ ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ነው። በዚያ ላይ ጣሪያው ሥር ይሰቅሉታል፤ ብዙ ስክሪን ደግሞ ከሥር ቀና ተብሎ ሲታይ ቀለሙ ይነጣል።

ባለፈው ወር ከኮሚቴያችን ሁለታችን አንዲት ነፍሰ ጡር አባላችንን አጅበን ወደ አንድ የጤና ተቋም ሄደን ነበር። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ስለ እርግዝና የአደጋ ምልክቶች ትምህርት ይታያል። ድምጹ ተዘግቷል፤ ምስሉ «ዙም» ላይ ነው። ስለ ከባድ ራስ ምታት፣ ስለ ዓይን ብዥታ፣ ስለ ደም መፍሰስ የሚናገረው ጽሑፍ ከታች ተቆርጦ የፊደሉ አናት ብቻ ይታያል። ሠላሳ የምንሆን ሴቶች ያን ስክሪን እናያለን፤ ማንም አያነበውም። ከመካከላችን አንዷ ተነስታ ካርድ ክፍል ያለችውን ልጅ፣ «ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ጽሑፉ ከታች ተቆርጦብናል፤ ሪሞቱ ይኖር ይሆን?» አለቻት። ቁጣ ነበር የጠበቅነው። ልጅቱ ግን መሳቢያዋን ከፍታ «እኔ እኮ የተበላሸ መስሎኝ ነው የተውኩት» ብላ ሰጠችን። አንድ ቁልፍ ነው የተጫንነው። ከኋላችን የተቀመጡት «አሁን ይነበባል» ሲሉ ሰማን። ስለዚህ እህቶቻችን፣ በሰው ቤት ሪሞት አንሥታችሁ አትነካኩ፤ ነገር ግን በትሕትና ጠይቁ። አብዛኛው ሰው ያጠፋው ነገር የለም፤ የሚስተካከል መሆኑን አላወቀም እንጂ።

እዚህ ላይ አንድ የራሳችንን ድካም እንናገር። ቤት ለቤት ስንዞር የሰማነው መልስ «ሪሞቱን የሚያውቀው ባለቤቴ ነው»፣ «ልጆቹ ናቸው»፣ «እኔ የኤሌክትሪክ ነገር አልነካም» የሚል ነው። ይህን የምትለን በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ፣ የስፌት መኪናዋን ራሷ ፈትታ የምትገጥም ሴት ናት! ቴሌቪዥን በማስተካከያው አይቃጠልም። ከመጀመራችሁ በፊት ያለውን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሡት፤ ካልወደዳችሁት ትመልሱታላችሁ። ጨርሶ ከተምታታባችሁም «ሪሴት» የሚል አለ፤ ሁሉን ወደ ነበረበት ይመልሳል። የሱቁን ድምቀት መቀነስ ደግሞ ቴሌቪዥኑ የሚበላውን መብራት ይቀንሳል፤ ያ የቁጠባ ርእስ ጨርሶ አልቀረም ማለት ነው።

ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ይሁን አንልም። ዓይናቸው የደከመ እናት ደመቅ ያለ ምስል ከፈለጉ ይደመቅላቸው። ቀን ፀሐይ የሚገባበት ቤት መብራቱን ከፍ ቢያደርግ፣ ማታ ቢቀንስ ጥሩ ነው። ይህ የምርጫ ነገር ነው። የፊት ቅርጽ ግን የምርጫ ነገር አይደለም። ሰውን ሳይሆን የሆነውን የሚያወፍር፣ የታመመን ጤነኛ የሚያስመስል ስክሪን ለማንም አይበጅም።

አንድ ነገር ደግሞ ከቴሌቪዥን ያልፋል። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን የምናውቃቸው በፎቶ ከሆነ ሰንብቷል። ፎቶው በትክክል ቢታይም ልጅ ከመላኳ በፊት ፈገግ ብላ፣ ጥሩውን መርጣ ነው የምትልከው። ስለዚህ ፎቶ አይተን እልል ከማለታችን በፊት ደውለን «በልተሻል? ተኝተሻል? ሕክምና አግኝተሻል?» ብለን እንጠይቅ። ድምጿ ከደከመብን ድምጿን እንመን። እናታችን ልቧ ነግሯት ነበር፤ በስክሪኑ አስተያየት ያስተባበልናት እኛ ነን። ስለዚህም በሁላችን ፊት ይቅርታ እንጠይቃታለን።

ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ከኮሚቴያችን ሁለት ሁለት ሆነን በየቤታችሁ እንመጣለን። ስማችሁን በጸሐፊዋ በኩል አስመዝግቡ፤ ዕድሜያቸው የገፋና ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶች ይቅደሙ። ክፍያ የለውም፤ ቡና ካፈላችሁ አንጠላም። ወጣት ልጆቻችሁም አጠገባችን ይቁሙ፤ እነሱ ከተማሩ ለጎረቤት ይተርፋሉ።

የዚህን አዳራሽ ቴሌቪዥን ባለፈው ሳምንት አስተካክለነዋል። ስንጨርስ እናታችንንና ልጇን ጠርተን ያንኑ ፍላሽ ደግመን ሰካነው። እናትየዋ የመጀመሪያውን ፎቶ ረጅም ጊዜ ቆማ አየችው። ልጇ አጠገቧ እጇን ይዛ ቆማለች። ኋላም «ያን ቀን እንዲህ ሆኖ ታይቶኝ ቢሆን፣ በማግሥቱ ነይ ግቢ እላት ነበር» አለችን።